ፍሬን አይበጠስም፤ ይረሳል

(ከዚህ በታች የምታነቡት አንድ የረጅም ዘመን ሾፌር ለታክሲና ለጭነት መኪና አሽከርካሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። የአነጋገሩ ለዛ እንዳይጠፋ እንዳለ አቅርበነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)

ክቡራንና ክቡራት፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ባለንብረቶች፣ እንዲሁም ዝናብ ለመጠለል የገባችሁ እግረኞች ካላችሁ እናንተም!

"ስለ ጥንቃቄ ተናገርልን" ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ነው። ሾፌር አዳራሽ ውስጥ ብዙ ከተቀመጠ ቆሞ እንደከረመ መኪና ነው፤ ባትሪው ይወርዳል። ስለዚህ ንግግሬን ቶሎ ቶሎ አደርገዋለሁ። አነዳዴ ግን እንደ ንግግሬ አይደለም፤ አትስጉ።

ሠላሳ ምናምን ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። ላዳ ነድቻለሁ፤ ውይይት ነድቻለሁ፤ ሚኒባስ ነድቻለሁ፤ ተሳቢ ጎትቼ ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። እኛ መኪና የምንወደው እንደ ሙሽራ ነው። ላይዋን እናጥባለን፤ እንኳኩላለን። ዳሽቦርዱ ላይ ጸጉራም ምንጣፍ እናነጥፋለን፤ መሪውን ካልሲ እናለብሳለን። መስተዋቱ ላይ መቁጠሪያ፣ የሕፃን ጫማና የአርሰናል ባንዲራ እንሰቅላለን። ከዚህ ሁሉ ጌጥ መሃል መንገዱ ከታየን እሱም ተርፎ ነው! የሆድ ዕቃዋን ነገር ግን ማን ጠይቆ? "ፍሬኑ እንዴት ነው?" ስትሉት፣ "ኧረ እሱማ ይይዛል፤ ሁለት ሦስቴ ከረገጥከው" ይላችኋል።

ሁለት ሦስቴ! ወዳጄ፣ ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ የገባው ሕፃን ሁለት ሦስቴ እስክትረግጥ ቆሞ ይጠብቅሃል እንዴ?

"ፍሬን በጠሰ"

ዛሬ በዋናነት የምነግራችሁ ስለ አንድ አባባል ነው። በሬዲዮም በጋዜጣም "ፍሬን የበጠሰ መኪና ይህን ያህል ሰው ገደለ" ሲባል እንሰማለን። አማርኛችን እንዴት ያለ ጎበዝ ጠበቃ እንደሆነ ልብ በሉ። ፍሬኑን የበጠሰው ማነው? መኪናው! ሾፌሩ የለበትም፤ ባለንብረቱ የለበትም፤ "መርምሬዋለሁ" ብሎ ቦሎ የሰጠውም የለበትም። መኪናው እንደ በሬ ገመዱን በጥሶ አመለጠ፤ አለቀ። ደግሞም "አደጋ ደረሰ" እንላለን እንጂ "አደጋ አደረስን" አንልም። አደጋው ከሩቅ አገር ተነስቶ በራሱ ጊዜ ከተፍ ያለ እንግዳ ይመስላል።

እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፤ ፍሬን አይበጠስም፤ ይረሳል። "ተበጠሰ" ከመባሉ በፊት ስንት ጊዜ ይለምናል መሰላችሁ! ያፏጫል። ብረት ለብረት ይፋጫል። ፔዳሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ወለሉን ሊሳም ይደርሳል። ስትይዙት መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባችኋል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ለፉጨቱ ቴፑን ከፍ ያደርጋል፤ ለቀዩ መብራት ፕላስተር ይለጥፍበታል። ሕመሙ ጠፋ፤ በሽተኛው ግን እየሄደ ነው!

ያ ፉጨት ምን መሰላችሁ? በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬን ሸራው አልቆ ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ተብላ ሆን ተብሎ የተሠራች ትንሽ ብረት አለች። የሠራት ኢንጂነር "ይኼ ሾፌር ወርዶ አያይም፤ ቢያንስ ይስማ" ብሎ አስቦልን ነው። እኛ ደግሞ "ይኼ መኪና ጮክ ማለት ለምዷል" ብለን እንነዳለን። ሸራው ጨርሶ ሲያልቅ የተረፈው ብረት ዲስኩን ይበላዋል። የሸራ ዋጋ ለማዳን ብለን የዲስክ ዋጋ እንከፍላለን። "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት አባቶቻችን መኪና ሳይኖራቸው ነው ይህን ያወቁት።

ሌላው የፍሬን ዘይት ነው። ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ጠባዩ የጨው ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቋቋም አለበት። ውሎ አድሮ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። አሁን ሥራውን ተመልከቱ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ስትወርዱ ሸራው ይግላል፤ ግለቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ያረጀው ዘይት ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲገፉት ይገፋል፤ እንፋሎት ግን ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ዘጭ ይላል። እንግዲህ "በጠሰ" የምትሉት ይኸው ነው! የተበጠሰ ነገር የለም፤ ሳይቀየር ዓመታት ያስቆጠረ ዘይት እንጂ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አስቀይሩት። ሒሳቡ ከአንድ ቅዳሜ የቁርጥ ሥጋና የቢራ ሒሳብ አይበልጥም።

የቁልቁለት ሒሳብ

ቁልቁለት ካነሳን ዘንድ የእኛ አገር የቁልቁለት አገር ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ታውቁታላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነስታችሁ ዓባይ ድልድይ እስክትደርሱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርዱት። እዚያ ላይ የሚሠራ አንድ የድሮ ሕግ አለ፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑ ያግዘው። ፍሬን ስትይዙም ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት፤ ይተንፍስ። ከላይ እስከ ታች እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አስተኝታችሁ አትውረዱ።

የእኛ ጀግና ምን ያደርጋል? ዜሮ ማርሽ ያስገባና ይለቀዋል። የባሰበት ደግሞ ሞተሩን ጭራሽ ያጠፋል። "ለምን?" ስትሉት "ነዳጅ ለመቆጠብ" ይላል። ይህን ጉዳይ አንዴ እንጨርሰው። ሞተር ጠፍቶ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ የሚያግዛችሁ ጉልበት ያልቃል፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ፓወር ያለው መሪ ይከብዳል። ቁልፉን ከነቀላችሁት ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ታዲያ ያ መኪና ነው ወይስ የተንከባለለ ቋጥኝ?

ይህ ሁሉ ነዳጅ ለማዳን ነው እንበል። የዛሬዎቹ በኮምፒዩተር የሚመሩ ሞተሮች፣ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስታችሁ ስትወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል። ዜሮ ስታስገቡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ በዜሮ የሚወርደው ሰው ነፍሱንም ነዳጁንም ነው የሚያባክነው። ሁለት ኪሳራ በአንድ ጊዜ ማለት እንዲህ ነው።

የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ እናንተም አላችሁበት። "የእኔ የነፋስ ፍሬን ነው፤ ዘይት አይፈላብኝም" እንዳትሉኝ። ዘይቱ ባይኖርም ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የነፋሱ ታንክ ደግሞ ውሃ ያጠራቅማልና በየቀኑ ከሥሩ አፍስሱት። ሲኖትራክን ሕዝቡ "ቀይ ሽብር" ብሎ ስም ያወጣለት ለቀለሙ ብቻ ይመስላችኋል? ሰው ስም ሲያወጣ ያየውን አይቶ ነው።

ከኮፋኖ ሥር ያልወጣው ጣሊያን

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጣሊያን መቼ ተባረረ? በ1933 ዓ.ም. ትላላችሁ። ልክ ነው። ከኮፋኖ ሥር ግን እስካሁን አልወጣም! ራሱ ኮፋኖው ጣሊያን ነው። ካንዴላው፣ ችንጋው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ማርሚታው፣ ባሌስትራው፣ ቸርኬው ሁሉ ጣሊያን ነው። ጎማ የሚለጥፍልን ጎሚስታም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አርበኞቻችን ያላዩት አንድ ምሽግ ቢኖር ይኼ ነው።

ስማቸውን ስንወርስ ትርጉማቸውን ረሳነው መሰለኝ። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ቀስት ከመወርወሩ በፊት ይነጣጠራል። የእኛ ሰው ግን ከታጠፈ በኋላ ነው የሚያበራው፤ "ታጥፌያለሁ፣ እወቁልኝ" ለማለት። ሌላው ከሣሪስ አብርቶት እስከ መገናኛ ሳያጠፋው ይመጣል። ከኋላው ያለው "አሁን ይታጠፋል፣ አሁን ይታጠፋል" እያለ ይጸልያል።

ስኮርታ ደግሞ መጠባበቂያ ማለት ነው። ሄዳችሁ የብዙውን ሰው ስኮርታ ብታዩት ነፋስ የለውም፤ ጥርሱ አልቋል፤ አንዳንዱማ ከሥሩ ድንች ተጭኖበታል። ስኮርታው ራሱ ስኮርታ ይፈልጋል! ክሪክ ደግሞ "ባለፈው ለጎረቤት አውሰነው" ነው መልሱ።

ባቄላና ራዲያተር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ባለቤቶቻችን ባቄላው አልበስል ብሎ ከሰል የሚፈጁት ለዚህ ነው። መኪናም ከዚሁ ጣጣ አታመልጥም። እንዳይፈላባት የሚያደርገው ያ ትንሹ የራዲያተር ክዳን ነው፤ ውሃውን አፍኖ በግፊት ይይዘዋል። ልክ እንደ ግፊት ድስት ማለት ነው።

አሁን የእኛን ሰው ተመልከቱት። ክዳኑ ጠፋበት ወይም ላስቲኩ አለቀ። ምን ይወትፍበታል? ጨርቅ! ወይ ፌስታል በጎማ አስሮ! ከዚያ መኪናዋ ጎጃም በረንዳ ዳገት ላይ እንፋሎቷን ስታንፎለፉል "ይቺ መኪና ዕድሜዋ ገፍቷል" ይላል። ዕድሜዋ አልገፋም፤ ክዳኗ ነው የጎደለው።

ሲፈላባችሁ ደግሞ ተጣድፋችሁ ክዳኑን እንዳትከፍቱ። የታፈነው ውሃ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው። ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ግማሽ ሰዓት ታገሱ፤ ቡና ጠጡ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስም አይሆንም፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ያኔ የቡናውን ሒሳብ ሳይሆን የሞተሩን ሒሳብ ትከፍላላችሁ። ሰርክ የቧንቧ ውሃ እየሞላችሁ አትኑሩ፤ ዝገት ያመጣል። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ውድ ነው ትላላችሁ፤ ራዲያተር ማስቀየር ርካሽ ነው ያላችሁ ማነው?

አራት መዳፍ

ያን ሁሉ ኩንታል፣ ያን ሁሉ ተሳፋሪ ከመሬት ጋር ይዞ የሚያቆየው ምን ያህል ነገር እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ትንሿን መኪና ብንወስድ እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው በአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ነው። አራት መዳፍ! ነፍሳችን ያለችው እዚያ ላይ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደረቅ ላይ ያታልላችኋል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና ዘይት ያረፈበትን አስፋልት ሲያርሰው ግን መኪናዋ እስክስታ ትጀምራለች።

ወደ አዋሽና ወደ አፋር የምትወርዱ፣ ልብ በሉ። ጎማ ሲግል ነፋሱ ይጨምራልና "ይፈነዳብኛል" ብሎ መንገድ ላይ የሚያስተነፍስ ሰው አለ። ተሳስቷል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ብዙ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይብሱን ይግላል፤ የሚፈነዳው እሱ ነው። ነፋስ የሚለካው ጠዋት ሳትነሱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

ስለ ጎማ ካነሳሁ ድንጋዮቹንም ላንሳ። መኪና ሲበላሽብን ምልክት የምናደርገው በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በድንጋይ ነው። እሺ፣ ሦስት ማዕዘኑ የለንም እንበል። ግን መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን ማን ያንሳው? መንግሥት? ማታ የሚመጣው ሞተረኛ ነው በደረቱ የሚያነሳው። ወገኖቼ፣ ሄድን ስትሉ ዞር ብላችሁ እዩ። ሰው እየገደለ ያለው ሥራ የጨረሰ ድንጋይ ነው።

ትልቁ ብልሽት ከመሪው ኋላ ነው

አሁን ወደማይወደደው ክፍል ገባን። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ቶሎ የሚበላሸው ሾፌሩ ነው። መለዋወጫም የለውም፤ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ እንኳ አታገኙትም። ስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው የራሱን ስፖኪዮ እዚያ ተደራድሮ ገዛው የሚል ቀልድ ታውቃላችሁ። የተሰረቀ እንቅልፍ ግን ተመልሶ አይገዛም። ጫት እንቅልፍን አይፈውስም፤ ያዘገየዋል። ሲመጣ ደግሞ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው፤ በአብዛኛው ሌሊት፣ በአብዛኛው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ።

ስልክስ? አንዳንዱ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ቲክቶክ ይዟል። ሒሳቡን ልንገራችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳላችሁ። "ማነው የደወለው?" ብላችሁ ለሦስት ሴኮንድ ዝቅ ስትሉ 50 ሜትር፣ ማለትም የኳስ ሜዳ ግማሽ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው። ዓይነ ስውር መንጃ ፈቃድ ይሰጠው ቢባል ሰልፍ የምትወጡት እናንተ ናችሁ!

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምትቆሙበት ርቀት እጥፍ አይደለም የሚሆነው። ፍሬን ከያዘ በኋላ መኪናዋ የምትንሸራተተው አራት እጥፍ ነው። በ30 ስትሄዱ 5 ሜትር ላይ ብትቆሙ በ60 ሲሆን 20 ሜትር ይፈልጋል። በ60 ፍጥነት ግድግዳ መግጨት ደግሞ ከ14 ሜትር ከፍታ፣ ከአራተኛ ፎቅ በላይ ካለ ቦታ፣ እንደ መውደቅ ነው። አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሞ "ቀበቶ ያጣብበኛል" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ግን ቀበቶውን ትራፊክ ስናይ እንደ ነጠላ ትከሻችን ላይ ጣል እናደርገዋለን፤ ስናልፍ እንለቀዋለን። ቀበቶው የተሠራው ለትራፊኩ ይመስል!

ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት "የኔ ልጅ፣ እባክህ ቀስ በል፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ" ሲሉ ረዳቱ ምን ይላቸዋል? "እማማ፣ ከቸኮሉ አይቀር ቶሎ ያድርስዎ ብለን ነው!" ሁላችንም እንስቃለን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ቀን ልክ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ተሳፋሪዎች፣ ሒሳብ የከፈላችሁት ለመድረስ ነው። አንድ ሰው ሲናገር "ዝም በሉ እንጂ፣ ሰዓት ረፈደ" አትበሉት፤ አግዙት።

መስተዋቱ ላይ "በእግዚአብሔር እታመናለሁ" ብለን ለጥፈናል። መልካም ነው፤ እኔም አማኝ ነኝ። ጻድቃን ይጠብቁናል። የፍሬን ሸራ ግን የሚቀይሩልን አይመስለኝም፤ እሱን ለእኛ ትተውልናል።

ሦስተኛው ወገን ማነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል አንደኛው ይኸው አደጋ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ከሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ መኪና ውስጥ ያሉት አይደሉም፤ እግረኞች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ሳትገቡ መንዳት አትችሉም። ሦስተኛ ወገን ማለት ምን እንደሆነ የጠየቅኳቸው ብዙ ሾፌሮች "መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው" ብለውኛል። አይደለም፣ ጌታዬ! ሦስተኛ ወገን ማለት አንተ የምትገጨው ሰው ነው። ስም አለው፤ እናት አለችው፤ ምሳውን በፌስታል ይዞ ሥራ ሊሄድ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው።

እስካሁን በሾፌሩ ላይ ወረድኩበት። ፍትሕ እንዲሆን ወደ ላይም ልውጣ። ባለንብረቶች፣ "ማታ ይህን ያህል ገቢ አምጣ" ብላችሁ ስትቆርጡ፣ ያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አስባችኋል? ከፍጥነት ነው የሚመጣው፤ በትርፍ ከሚጫነው ሰው ነው የሚመጣው። ሾፌሩ "ጌታዬ፣ ፍሬኑ ሸራ ጨርሷል" ሲላችሁ "እስከ ደመወዝ ድረስ ያዝ አድርጋት" አትበሉት። በምን ያዝ ያድርጋት?

ባለሥልጣኖችም አላችሁበት። የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ደህና ጎማና እሳት ማጥፊያ ከጓደኛ ተውሶ የሚመጣ እንዳለ አገር ያውቃል። መርማሪው ካላወቀ እንግዲህ አገሩ ሌላ ነው። ቦሎ የሚለጠፈው መስተዋት ላይ ነው፤ ፍሬን ያለው እግር ሥር ነው። ከመስተዋቱ ዝቅ ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልገናል። ጉድጓዱም እንዲሁ ነው። ትልቅ ሰው በዚያ መንገድ ሊያልፍ ነው ሲባል በአንድ ሌሊት ይደፈናል፤ እኛ ለዓመታት ስናልፍበት ግን ባሌስትራችን ነው የሚደፍነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ብዙ የመንገድ ዳር አምሯል፤ መብራትም ተተክሏል። አምሮ ማየቱን ማን ይጠላል? ግን ከተማም እንደ መኪና ናት፤ ላይዋ ከታጠበ በኋላ "ፍሬኗስ?" ተብሎ ይጠየቃል። አሮጊት የምትሻገርበት መሻገሪያ፣ ተማሪ የሚሄድበት እግረኛ መንገድ፣ ሳይጠፋ የሚያድር የትራፊክ መብራት፤ የከተማ ፍሬን ማለት እነዚህ ናቸው።

አዲሶቹ ጸጥተኞች

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ተከትሎ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። "ይኼ ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፤ ከጣሊያንም ተገላገልን" የሚል ሰምቻለሁ። ቆይ ቀስ በል! ጎማ አለው፤ ፍሬን አለው፤ የፍሬን ዘይትም አለው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ቁልቁለት ላይ ባትሪውን እየሞላ ራሱን መያዙ ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን እንጦጦ አናት ላይ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ከተነሳችሁ የሚሞላው ቦታ የለውምና ያ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሚይዛችሁ የጥንቱ ሸራ ነው። ደግሞም ድምፅ የለውም። እግረኛችን መኪና የሚለየው በጆሮው ነው፤ አይሰማችሁምና እናንተ እዩለት።

አምስት ደቂቃ ብቻ

ነገሬን ልቋጭ። ከእናንተ የምፈልገው በየጠዋቱ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሲጋራ ለማጨስ ከምታጠፉት አይበልጥም። መኪናዋን አንዴ ዙሯት። ጎማዎቹን እዩ። ከሥሯ የፈሰሰ ነገር ካለ ምን እንደሆነ እወቁ፤ ውሃ ነው፣ ዘይት ነው ወይስ የፍሬን ዘይት? ኮፋኖውን ክፈቱ፤ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት ልክ እዩ፤ ችንጋው እንዳልተሰነጠቀ ዳስሱት። የፊቱንም የኋላውንም መብራት አብሩና ረዳቱ ይይላችሁ። መጨረሻ ላይ፣ ከግቢ ሳትወጡ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት እየሄዳችሁ ፍሬኑን አንዴ ያዙት። አንዴ! ሁለት ሦስቴ ከፈለገ ያን ቀን ሥራ የለም። ቁርስ ብሉና ወደ ጋራዥ።

ጋራዥ ስትሄዱም መካኒኩን አጠገቡ ቁሙበት። የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳየኝ በሉት። "አይ ጋሼ፣ ችግር የለም፣ ይሠራል" ሲላችሁ አትመኑት፤ አብሯችሁ ተሳፍሮ አንድ ቁልቁለት ይውረድ። ፍሬኑን ያመነበት መካኒክ አይፈራም።

ከእንግዲህ ደግሞ "ፍሬን በጠሰብኝ" የሚል ሾፌር ስታገኙ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ "ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነበር?" መልስ ካጣ፣ ማን እንደበጠሰው ሁላችንም አውቀናል።

መኪናችሁን ማታ በሰላም አቁሙ፤ ልጆቻችሁ በር ላይ ይቀበሏችሁ። በምታልፉበት መንገድ ያሉትም ልጆች ቤታቸው ይግቡ።

አሁን መውጫው አንድ በር ነው፤ እባካችሁ ሳትጋፉ፣ ቅድሚያ እየተሰጣጣችሁ ውጡ። እስቲ እዚህ እንጀምረው!